ከግድግዳው ጋር የተመሳሰለው ሸራ

ይህን የምጽፈው ሥዕል አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ዘመን የሥዕል ዕውቀቴ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳና እኛ ስደተኞች ሳሎናችን ውስጥ ከምንሰቅለው የሣር ጎጆ ሥዕል አላለፈም ነበር። ዘመናዊ ሥዕል ፊት ስቆም የማነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ለመሆኑ ይህ ምንድን ነው?» (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጥያቄ ያስጣለኝ ጄኔቭ ነው። በ1994 የተከፈተው ማምኮ የተባለው የዘመኑ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የተቋቋመው ቀድሞ የፊዚክስ መሣሪያዎች ይመረቱበት በነበረ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ከፈረንሳዊው ክሎድ ሩቶ ሥራ ጋር ተዋወቅሁ። ሩቶ ከ1973 ጀምሮ የተከተለው ደንብ ቀላል ነው፤ ሸራው የተሰቀለበትን ግድግዳ ቀለም ይቀባል። ግድግዳው ቀለም ከቀየረ ሸራውም እንደገና ይቀባል። መጀመሪያ ሳቅሁ። «ይህንማ ማንም ቀለም ቀቢ ይሠራዋል» አልሁ። ቆይቼ ግን ሳቄ ከሰመ። ሠዓሊው በ2022 አረፈ፤ ደንቡ ግን አለ፤ ሥዕሉ እንዲኖር ባለቤቱ ብሩሽ ማንሳት አለበት። በየአገሩ የአገሬውን ቀለም ስቀባ የኖርሁት እኔ ስደተኛው ይህን ካልተረዳሁ ማን ይረዳዋል? ግድግዳን መምሰል መኖር ነው ወይስ መጥፋት? ጠጋ ብዬ ሳይ መልሱን አገኘሁት፤ ሸራው ቀለሙን ቢሰጥም ጠርዙንና ጥላውን አልሰጠም።

ዙሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠችኝ። ሐውስ ኮንስትሩክቲቭ ያኔ በቀድሞ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የዙሪኩ ተወላጅ ሪቻርድ ፓውል ሎዜ (1902–1988) ሸራውን በካሬ ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ቀለም እኩል ስፋት ይሰጠዋል። ገዥ ቀለም የለም፤ ተገዥም የለም። ሎዜ ራሱ ይህን ከዴሞክራሲ ሐሳብ ጋር ያያይዘው ነበር። በሦስት ቀለማት ስንት ዓመት ለተጨቃጨቅን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አንድ ቅሬታ አለኝ። እኩልነቱን ወደድሁት፣ ሥርዓቱ ግን ከበደኝ፤ አንድም ካሬ ከሰልፉ ንቅንቅ አይልም፣ አንድም አይጮህም።

ጩኸቱን ስፈልግ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትዝ አለኝ። ኮሎኝ ተምሮ አዲስ አበባ የተመለሰው፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው፣ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ያገኘው ገብረ ክርስቶስ! ረቂቅ ሥዕሉን «የፈረንጅ ነው» ያሉት ነበሩ። «ጎልጎታ» በተሰኘው ሥዕሉ ፊት የቆመ ግን ቀዩ ቀለም ምን እንደሚል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ሎዜ ያላስጮኸውን ቀለም እርሱ አስጮኸው። በ1981 በስደት፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። በ2008 አዲስ አበባ ላይ በስሙ ሙዚየም ተከፈተለት፤ ጀርመን አገር የነበሩ ሥራዎቹም አገራቸው ገቡ። እርሱ ግን አልተመለሰም።

አገር ቤት ሳለሁ በአንድም ሥራው ፊት ቆሜ አላውቅም። «በእጅ የያዙት ወርቅ» ማለት ይህ ነው። አሁን የሣር ጎጆውን ከሳሎኔ አላወረድሁም፤ ናፍቆትም ሐቅ ነውና። ከጎኑ ግን የ«ጎልጎታ»ን ቅጂ ሰቅያለሁ። ልጄ «ምንድን ነው?» ስትለኝ፣ «ቆመሽ እዪው» እላታለሁ።

ቸር ይግጠመን።