በእጅ የሚነበብ ቅርጽ፦ ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር በቡና አገር

የብር ገንዘብ ከኪነ ጥበብ ሥራዎች ጋር ተቆጥሮ ሲተች ብዙ ጊዜ አይታይም። ሥዕል በግድግዳ ይሰቀላል፤ ሐውልት በአደባባይ ይቆማል፤ ብር ግን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ በመቀነት ይቋጠራል፣ በምድር ይቀበራል፣ በመጨረሻም ከአንጥረኛ እሳት ይገባል። ይሁን እንጂ ከማናቸውም የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ይልቅ በብዙ ሰው የተመረመረው ይኸው ትንሽ ክብ ማዕድን ነው። የመረመሩትም ሊቃውንት ሳይሆኑ ነጋዴና ገበሬ ናቸው። ዲላና በዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ የቡና ምድር የዚህ ምርመራ አንዱ ሜዳ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከሩቅ መነሣት ይጠቅማል። የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የብር ዶላር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1794 ነው። ሮበርት ስኮት የቀረጸው ይህ ብር በአንድ ገጹ ጸጉሯ የተለቀቀ ሴት ራስ አለበት፤ ነጻነትን ትወክላለች። በጀርባው በቅጠል ጉንጉን የተከበበ ንስር አለ። በዚያ ዓመት የወጣው 1,758 ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚሁ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ሰብሳቢዎች የጸጉሯን ዘለላና የከዋክብቱን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ይመለከታሉ፤ ያልተነካካውንም ከሁሉ ያስበልጣሉ። ነገር ግን ይህ የተከበረ ብር በዘመኑ ገበያውን አላሸነፈም። የአሜሪካ ሕዝብ የሚያምነው የእስፓንያን ብር ነበርና፣ የውጭ አገር ብር በሕግ ከመገበያያነት የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። አዲስ መንግሥት መልኩን በብር ላይ መቅረጽ ይችላል፤ የሕዝብን እጅ ማስለመድ ግን ሌላ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያም የሆነው ይኸው ነው። በእስፓንያው ብር ፈንታ እዚህ የነገሠው ጠገራ ብር፣ በሌላ ስሙ ማርትሬዛ ነው። ዶላር የሚለው ቃል የተገኘው ታለር ከሚለው ስም ስለሆነ፣ ማርትሬዛም ታለር እንደመሆኑ ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከመታተም አልቆመም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ንጹሕ ብሩ ከስድስት እጅ አምስት እጅ ነው። በወርቅ ሚዛን ላይ እንደ ወቄት ሲያገለግል የኖረውም ለዚህ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ በሮማ አሳትማለች፤ ቀጥሎም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምባይ አትመውታል። ሁሉም 1780 ይላሉ። ስለዚህ በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ዕድሜው የሚነግረው ነገር የለም፤ የታተመበትን አገር የሚለየው በንስሩ ላባዎችና በጌጡ ሉሎች ላይ የሚታየው ጥቃቅን ልዩነት ነው።

የላቲን ፊደል የማያውቀው የኢትዮጵያ ነጋዴ ይህን ብር እንዴት ለየው? በአገሪቱ የተዘዋወሩ ተጓዦች በየዘመኑ እንደ መሰከሩት፣ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉት ሉሎች ጎልተው መታየት አለባቸው፤ በትከሻዋ ላይ ያለው የልብስ መያዣ ጌጥ መጥፋት የለበትም፤ ከምስሉ በታች ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉት ፊደሎች መደምሰስ የለባቸውም። ከእነዚህ አንዱ የደበዘዘበት ብር ይመለሳል። አውሮፓውያን ይህን እንደ ግትርነት ቆጥረው ተሳልቀውበታል። በእውነቱ ግን ምልከታው የተሳለ የቅርጽ ንባብ ነው። ሻጩ ከመላው ሥዕል ውስጥ ቀድመው የሚያልቁትን ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች መርጦ ይዟል፤ የዛሬ ሰብሳቢ የብርን ደረጃ የሚያወጣውም እነዚህኑ ነጥቦች አይቶ ነው።

በጌዴኦ ይህ ዐይን ባዳ አልነበረም። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ጋር የሚታወቁት፣ የተፋቁና የተቀረጹ ሥራዎች ናቸው። በድንጋዩ ላይ ያለው ቅርጽ በቀትር ፀሐይ ይደበዝዛል፤ በጠዋትና በማታ ብርሃን፣ ጥላው ሲረዝም፣ ይወጣል። ብርም እንዲሁ ከጎን በሚመጣ ብርሃን መታየት አለበት። ፊት ለፊት የበራበት ብር ይብለጨለጫል እንጂ አይነበብም።

የምኒልክ ብር በፓሪስ መታተም የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጌዴኦ ምድርም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። በቅርጽ ጥበብ ሚዛን ካየነው የምኒልክ ብር ከማርትሬዛ ይበልጣል። ዘውድ የደፋው የንጉሡ ገጽታ በግንባርና በጉንጭ አጥንቱ ሕይወት አለው፤ ከንግሥቲቱ የለሰለሰና የተድበለበለ ፊት ጋር ሲተያይ ሰው ይመስላል። ዙሪያውን የከበበው የግዕዝ ጽሕፈት ቀጥ ብሎ የቆመና ልኩን የጠበቀ ነው። በጠርዙም ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ አምላክ መዘርጋቷን የሚናገረው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ታትሟል፤ ጽሕፈቱን ጣት እየዳሰሰ ይከተለዋል። ድክመቱ በጀርባው ነው። ዘውድ ደፍቶ በትር የያዘው አንበሳ ከአውሮፓ የጋሻ ሥዕል የመጣ ነው፤ የኢትዮጵያን የብራና ሥዕል የሚያውቅ ሰው ይህ አንበሳ ከየት ዱር እንደወጣ ለመገመት አይቸገርም። ለመለየት ግን አንበሳው ይረዳል፦ በ፲፰፻፹፯ እና በ፲፰፻፹፱ ብር ላይ ግራ እግሩን ያነሣል፤ በ፲፰፻፺፪ እና በ፲፰፻፺፭ ብር ላይ ቀኙን።

ክብደቱ ከማርትሬዛ እኩል፣ የብሩ ጥራትም በጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ሳለ የምኒልክ ብር ከአዲስ አበባና ከሐረር ርቆ ብዙ አልዘለቀም። የቡና ነጋዴ የለመደውን ፊት ይሻል። ጥበብ በገበያ የተሸነፈው በማነሱ ሳይሆን በአዲስነቱ ነው፤ ሃያሲም ይህን ሳይመዝን ማርትሬዛን በውበቷ አሸነፈች ቢል ይሳሳታል።

የማርትሬዛ ጠርዝም ጽሕፈት አለው። በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ርኅራኄ» ይላል። ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆና ተሸክሞ ካደረሰ በኋላ በእጁ የገባውን ጠገራ ብር መልሶ ለግብር ለሚያስረክበው ገባር ይህ ቃል ምን ነበር? ማንበብ አይችልም ነበርና ምንም አልነበረም፤ ለእሱ ጠርዙ የሐሰት ብር መለያ ብቻ ነው። በቅጂ ፈሶ የተሠራ ብር ጠርዙ ላይ ፊደሉ ይደፈናል፣ አንዳንዴም የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል፤ በድንጋይ ላይ ሲጥሉት ድምፁ ይታፈናል። በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ የጌዴኦ ገበሬዎች በባላባቶች ላይ ሲነሡ ጠገራ ብር ከሕጋዊ ገንዘብነት ከወጣ አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የተጣሉበት የቡና ድርሻ ግን ያው ነበር።

ጠገራውን የተካው ገንዘብ በብር በኩል አሜሪካዊ ነው። በ1937 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የሃምሳ ሳንቲም ብር አሜሪካ ባበደረችው ማዕድን በፊላዴልፊያ ታተመ። በቅርጽ ረገድ የሚያስደስት አይደለም፤ ምስሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቶሎ ይለሰልሳል። ከእሱ ጋር የወጣው ክቡ የሃያ አምስት ሳንቲም መዳብ በመጠኑ ሃምሳውን ስለሚቀርብ በብር እየተቀባ ማታለያ ሆነ፤ በኋላ ጠርዙ እንዲሸነሸን ተደረገ። ስሙኒን በኪስ ውስጥ በጣት ብቻ ለመለየት የሚያስችለው ያ ሽንሽን የመጣው ከዚህ ነው። ሠዓሊው ያላሰበውን ገበያው አስተካከለው።

አሁን የሚያሳስበው ከየቤቱ ሣጥን የሚወጣው ብር ነው። የ1794ቱን ዶላር የሚያስከብረው ያልተዳሰሰ መሆኑ ስለሆነ፣ በዚያ ሚዛን የሚገምት ነጋዴ ያለቀውን ጠገራ በግራም ይገዛዋል፤ አንጥረኛም ለመስቀልና ለአንባር ያቀልጠዋል። የአንጥረኛው ሥራ ራሱ ጥበብ ነው፤ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት መስቀል ከማርትሬዛ የወጣ ነው፤ ስለዚህ ማቅለጡን በጅምላ ማውገዝ አይገባም። ነገር ግን የንግሥቲቱ ጉንጭ ተልጎ፣ ሉሎቹ ጠፍተው፣ ለጌጥ ማንጠልጠያ የተበሳው ቀዳዳ ብቻ የቀረበት ብር ካልተነካው ብር ይልቅ የሚናገረው ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ብር በአመድና በአሸዋ ፈትጎ ማንጻት ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ቅርጽ ያጠፋል። ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት በጎን ብርሃን ይታይ፤ ጠርዙ ይዳሰስ፤ የምኒልክም ከሆነ አንበሳው ያነሣው የትኛውን እግር እንደሆነ፣ ከቁጥሩ ጋር፣ በወረቀት ይጻፍ።