ማሽኑ መዝገብ አለው፤ ኮለሙስ?

በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ስታገኝ ከተጠረጠሩት አንዱ ጆንያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ላቦራቶሪ ሲነሳ የምንሰማው የማሽን ግዢ ነው። ናሙናውን የሚለየው ግን ኮለሙ ነው።

የአጋሮም ሆነ የሊሙ ቡና ካፌይኑ ሲለካ፣ ሥራው ያለው ብዙውን ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነች የብረት ቱቦ ውስጥ በታጨቀው ሲሊካ ላይ ነው። ቡና ደግሞ ለኮለም ክፉ ነው፤ ዘይቱና ቀለሙ ይጣበቅበታል። ፎስፌት ባፈር የነበረበት ላይ በውሃ ሳታጥቡ ንጹህ አሴቶናይትራይል ከለቀቃችሁ ጨው ይጋገርበታል። ለተለመደው ሲሊካ ፒኤች ከ8 ካለፈ ራሱ ሲሊካው ይሟሟል።

ታዲያ እስቲ ጅማ ያለ ላብ ገብታችሁ የኮለሙን መዝገብ ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ካሳዩአችሁ መዝገብ አይባልም። ምን ናሙና ገባበት? ግፊቱ ትናንት ስንት ነበር? የፒኩ ጭራ መርዘም የጀመረው መቼ ነው? ይህ ካልታወቀ የትኛው ውጤት እንደሚጣል በምን ይለያል? «በጀት የለም» ይባላል። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ኮለሙ እንጂ ደብተሩ አይደለም! ጠዋት አንድ ስታንዳርድ አስገብቶ ግፊቱንና የፒኩን ቅርጽ መጻፍ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።