«ድኖ ወጣ» ከተባለ በኋላ፤ የአንጎል ሕመምና የኋላ መዘዙ ከሆሳዕና ሲመዘን

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በውጭ አገር የሕክምና መጽሔቶች አንድ ሐሳብ እየጎላ መጥቷል። ሐሳቡም አንጎልን የሚነካ ተላላፊ በሽታ በጊዜው ቢድን እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ የመርሳት፣ የመንቀጥቀጥ ወይም ሌላ ነርቭን የሚያመነምን በሽታ ሊያስከትል ይችላል የሚል ነው። ይህ ነገር ለሐዲያና ለከምባታ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ በቆላው በባደዋቾ በኩል ደግሞ ወደ አንጎል የሚወጣው ወባ የሚታወቁ ሕመሞች ናቸውና። ስለዚህ ሐሳቡ የቆመባቸውን ዋና ዋና ጥናቶች መርምረን፣ ለሆሳዕናና ለአካባቢዋ ከተሞች ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ለመመዘን እንሞክራለን።

በመሠረቱ ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ ነው ለማለት አይቻልም። ሳይታከም የቀረ ቂጥኝ ከዓመታት በኋላ አእምሮን እንደሚያናጋ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ ፎን ኤኮኖሞ የተባለው ሐኪም በቪየና አንድ የሚያስተኛ የአንጎል ብግነት ገለጸ፤ ከዚህም በሽታ ከተረፉት ብዙዎቹ ዓመታት ቈይተው ሰውነታቸው የሚገተርና የሚንቀጠቀጥ ሆኑ። ዘመኑ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታበት ዘመን ስለ ነበረ ሁለቱን ያገናኙ አልታጡም፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። በአንድ ዘመን መገኘት ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ከአዲሶቹ ጥናቶች ሰፊው እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውሮን በተባለው መጽሔት የወጣው ነው። አጥኚዎቹ በመጀመሪያ የፊንላንድን፣ ቀጥሎም የብሪታንያን የጤና መዝገብ አገላብጠው በቫይረስ በሽታዎችና በስድስት የነርቭ በሽታዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ፈለጉ። በፊንላንዱ መዝገብ 45 ግንኙነቶች ተገኙ፤ በብሪታንያው ሲፈተኑ የጸኑት 22 ናቸው። ከሁሉ የበረታው በቫይረስ በሚመጣ የአንጎል ብግነትና አልዛይመር በተባለው የመርሳት በሽታ መካከል የታየው ሲሆን፣ ብግነቱ የያዛቸው ሰዎች ካልያዛቸው ከ20 እጥፍ በላይ ለመርሳት በሽታ ተጋልጠው ተገኝተዋል።

ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ሦስት ነገሮች ሊነሡበት ይገባል። አንደኛ፣ በመጀመሪያው መዝገብ ከታዩት ግንኙነቶች ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው አልጸኑም። ሁለተኛ፣ ብግነቱ ራሱ የማስታወስን ኃይል ስለሚጎዳ፣ አንዳንዱ ሰው አልዛይመር ተብሎ የተመዘገበው በቀድሞው ጠባሳ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የመርሳት በሽታ ሳይታወቅ ለብዙ ዓመታት ውስጥ ውስጡን ስለሚሄድ፣ አንጎሉ መድከም የጀመረ ሽማግሌ ለሳንባ ምችና ለሌላም ተላላፊ በሽታ በቀላሉ ይጋለጣል፤ እንዲህ ከሆነ ምክንያት የመሰለን ውጤት ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከግንኙነቶቹ አንዳንዶቹ እስከ 15 ዓመት ድረስ ዘልቀው ስለ ታዩ ይህ ተቃውሞ ሁሉንም አያፈርስም።

ተቃውሞውን በሚገባ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው የዌልስ ጥናት ነው። በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2013 የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ሲጀመር፣ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 እና ከዚያ ወዲህ ለተወለዱት ሲፈቀድ ቀድመው የተወለዱት ሳያገኙት ቀሩ። በጥቂት ሳምንት ብቻ የሚበላለጡ፣ በሌላው ነገር ሁሉ የሚመሳሰሉ ሰዎች ስለዚህ በሁለት ወገን ተከፈሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ በተከተቡት ዘንድ የመርሳት በሽታ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ክትባቱ የረዳው ቫይረሱን በመግታት ይሁን ወይም የሰውነትን መከላከያ በሌላ መንገድ በማንቃት ገና አልተለየም፤ ጥቅሙም በሴቶች ላይ ይበልጥ ጎልቷል። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ጥናቶች ለእውነት የሚቀርበው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ይህ ሁሉ የቆመው በአንዲት የልደት ቀን ላይ መሆኑን ነው። በአንጋጫ ወይም በዱራሜ ያለ ሽማግሌ ዕድሜው ቢጠየቅ፣ ንጉሡ የወረዱ ጊዜ ሚስት አግብቼ ነበር ሊል ይችላል፤ ይህም ለጨዋታ እንጂ ለእንዲህ ያለ ጥናት አይበቃም። በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በአዲስ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና የዌልስን ጥናት እዚህ መድገም ዛሬ አይቻልም።

እንግዲህ የራሳችን የሆነ ምን አለ? ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ መንገደኛ ቡታጅራን ያልፋል። በዚያ አካባቢ፣ በመስቃንና በማረቆ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ተዘዋውረው በ60,820 ሰዎች ላይ ያደረጉት የነርቭ በሽታዎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከሺህ ሰው 5.2 የሚጥል በሽታ፣ 2.4 በፖሊዮ ምክንያት የመጣ ልምሻ ተገኘባቸው፤ ፓርኪንሰን የተባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ ግን ከመቶ ሺህ ሰው በ7 ብቻ ታየ። ሐኪም ቤት የመጣውን ብቻ ሳይሆን በየጎጆው የተቀመጠውን ሕመምተኛ ስለ ቈጠረ ሥራው ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም ከቁጥሩ ተነሥቶ «በገጠራችን ይህ በሽታ የለም» ማለት ስሕተት ነው። ፓርኪንሰን የሽምግልና በሽታ ነው፤ ከሕዝቡ የሚበዛው ወጣት በሆነበት አገር ቁጥሩ ማነሱ አይቀርም። ደግሞም እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ነገር የሚረሳ አዛውንት «እርጅና ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ቤተ ሰቡ ለጠያቂው እንደ ሕመም አይነግርም። ከሁሉ በላይ ግን ቆጠራው የአንድ ጊዜ ሥዕል ነው፤ ማን ምን ታሞ ኋላ ምን እንደ ሆነ ሊያሳይ አይችልም።

ሥዕሉ ግን ወደ ዋናው ነገር ይመራናል። ፖሊዮ የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በልጅነታቸው ከተያዙት አንዳንዶቹ፣ ከ15 እስከ 40 ዓመት ያህል ረግተው ከቈዩ በኋላ፣ አዲስ ድካምና የጡንቻ መሟሸሽ እንደሚደርስባቸው በሕክምና የታወቀ ነው። በቡታጅራ ልጅ ሳሉ በልምሻ የተቈጠሩት ዛሬ በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው። በሽታና መዘዙ በዘመን ተራርቀው የሚገናኙ መሆናቸውን ለማየት ፊንላንድ ድረስ መሄድ አያሻም ማለት ነው።

በሆሳዕናም እንዲሁ ነው። ከተማይቱ መስማት በተሳናቸው ትምህርት ቤቷ በአገሩ ሁሉ ትታወቃለች፤ በልጅነት መስማትን ከሚያሳጡት ሕመሞች አንዱ ማጅራት ገትር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በባክቴሪያ ከሚመጣው ማጅራት ገትር ከሚተርፉት ከአምስቱ አንዱ ዘላቂ ጉዳት ይቀርበታል። ጆሮው የደነቈረውን ሁሉም ያየዋል፤ ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ የጀመረውን ግን ከቀድሞው ትኩሳት ጋር የሚያያይዝለት አይገኝም። በሽታው ከርኩስ መንፈስ ነው፣ ወይም በሚጥልበት ጊዜ የነካውን ሰው ይይዛል ስለሚባል፣ የወደቀውን ልጅ ከእሳት የሚያወጣው ይታጣል። የኋላ መዘዝን ማወቅ ለሕመምተኛው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ክብርም ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

በየጤና ተቋሙ መዝገብ ላይ የሕመምተኛው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው «ድኖ ወጣ» በሚል ቃል ነው፤ ወደ ላይ የሚላከውም ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይደለም። ገንዘቡ አስቀድሞ ለክትባት መዋል አለበት የሚል ይኖራል፤ እኛም ክትባት ይቅደም እንላለን። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአገራችን የተሰጠው የማጅራት ገትር ኤ ክትባት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የምንጠይቀው ብዙ ወጪ አይደለም። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በዱራሜና በሾኔም፣ አንጎሉ ታሞ የተረፈ ሰው ሁሉ ስሙ፣ የልደት ቀኑና ቀበሌው ምሥጢሩ ተጠብቆ በአንድ ልዩ መዝገብ ይግባ፤ በየአምስት ዓመቱም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ሄዳ ትጠይቀው። የዌልስና የፊንላንድ ሊቃውንት ከእኛ የሚበልጡት በመዝገባቸው ነው፤ በሽታውማ እኛ ዘንድ ሞልቷል። መዝገቡ ዛሬ ቢጀመር ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያነቡት ይኖራቸዋል፤ ካልተጀመረ ግን እነርሱም እንደ እኛ የሰው አገር ቁጥር ሲተቹ ይኖራሉ።