የካሳ ግምት በመድረክ ላይ

ስለ መንግሥት ፖሊሲ የሚሠራ ቲያትር ዋና ጉዳዩ ውሳኔ ነው፦ ማን ወሰነ፣ በምን መረጃ፣ ማንን ሳይጠይቅ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቲያትር ከጅምሩ በዚህ ጉዳይ ገብቷል። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የአስተዳደሩን ብልሽት በእንስሳት አፍ ተናግሮ ታግዷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን ያቀረበው የአብዮቱ ትኩሳት ሳይበርድ ነበር። በሁለቱም ግን ተመልካቹ ከመቀመጫው አልተነሣም። ያስነሣው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው። በፎረም ቲያትር ትዕይንቱ መፍትሔ ሳያገኝ ይቆምና ተመልካች ወጥቶ የተበዳዩን ቦታ ይይዛል። ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ምክር ቤት አባል ሳለ ከእንዲህ ያሉ ትዕይንቶች የፈለቁ 13 ሕጎች ጸድቀዋል።

በሐዋሳ ቱላ ክፍለ ከተማ ለዚህ ሥራ ከመሬት ካሳ የተሻለ ርዕስ አይገኝም፤ ከተማው የሚሰፋው ወደ እርሻው ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ለማያገኝ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። እንሰት ግን በየዓመቱ አይታጨድም፤ ዓመታት ቆይቶ ሲደርስ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፣ ከዚያ ቆጮ ይሆናል። ትዕይንቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የካሳ ገማቹ ቅጹን ይዞ የእንሰቱን ባለቤት «እናቴ፣ በዓመት ስንት ያገኛሉ?» ይላታል። «ልጄ፣ ዘንድሮ የምፍቀውን ነው ወይስ የዛሬ አምስት ዓመት የሚደርሰውን?» ትለዋለች። ገማቹን ጨካኝ አድርጎ መጻፍ ትዕይንቱን ይገድለዋል። ሰውየው ቅን ቢሆንም ቅጹ ላይ ያለው ባዶ ቦታ አንድ ነው፤ ተመልካቹ የሚከራከረውም ከቅጹ ጋር መሆን አለበት።

ቋንቋው ሲዳምኛ ቢሆን ይመረጣል። የሽማግሌዎች ሸንጎ በሆነው በሶንጎ ተቀምጦ በአፊኒ ሥርዓት እየተጠያየቁ መምከር ለሲዳማ ነባር ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው ተነሥቶ ለመናገር አይቸገርም። ከባዱ እንሰቱን የምትፍቀውን ሴት ማስነሣት ነው። ትዕይንቱን አደባባይ ከማውጣት በፊት በጓሮ ለሴቶች ብቻ ማሳየት፣ ያረሙትን ንግግር እንዳለ ተውኔቱ ውስጥ ማስገባት ይጠቅማል፤ የራሷን ቃል ከመድረክ የሰማች ሴት ለመነሣት ትደፍራለች።

ስፖንሰር ያለው ቲያትር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ተመልካች ያቀረበው ሐሳብ፣ ለአዘጋጁ ባይጥምም፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለከተማው ምክር ቤት መድረስ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል።