ቃርሚያና ካሜራ፦ የአኜስ ቫርዳ ፊልምና የሥራ መሣሪያዋ

ቃርሚያ ለአገራችን አንባቢ ማብራሪያ የሚሻ ቃል አይደለም። የእህሉ ባለቤት አጭዶ፣ ሰብስቦና ከምሮ ካበቃ በኋላ በማሳው ላይ ወድቆ የቀረውን ዛላ ጎንበስ ቀና እያለ የሚለቅም ችግረኛ፣ በገጠር ለኖረ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። በፈረንሳይ ትሠራ የነበረችው የፊልም አዘጋጅ አኜስ ቫርዳ በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ያቀረበችው የ82 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ርእሱን የወሰደው ከዚሁ ሥራ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቃራሚዎቹና ቃራሚቷ» ማለት ይሆናል። ቃራሚዎቹ ከማሳና ከገበያ የተጣለውን የሚለቅሙ ሰዎች ናቸው። ቃራሚቷ ግን ራሷ አዘጋጇ ስትሆን የምትለቅመው ምስልን ነው፤ የምትለቅምበትም መሣሪያ በአንድ እጅ የምትያዝ አነስተኛ የቪዲዮ ካሜራ ናት። እንግዲህ ፊልሙ በራሱ ጥረት ለሚተዳደር ባለሙያ የሚያቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ሲቀልለት ከእርሱ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ቫርዳ በ1928 በብራስልስ ተወልዳ ወደ ጥበቡ የገባችው በፎቶግራፍ አንሺነት ነበር። በ1954 የመጀመሪያ ፊልሟን «ላ ፖዋንት ኩርት»ን ስትቀርጽ ሥራውን በገንዘቡ የሚያንቀሳቅስ ባለ ኩባንያ አልጠበቀችም። ራሷ አነስተኛ ድርጅት አቋቋመች፤ ተዋንያኑና ቴክኒሻኖቹም ደመወዛቸውን በቅድሚያ ከመቀበል ይልቅ በማኅበር ተካፋይ ሆነው ሠሩ። ይህ ድርጅት በኋላ ሲኔ ታማሪስ ተብሎ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ ማለትም እስከ 2019፣ የሥራ ቤቷ ሆኖ ቆይቷል። የራስ ጌታ መሆን ግን ዋጋ ነበረው። ከአንዱ ሥራ እስከ ሌላው ገንዘብ መፈለግ፣ መጠበቅና ባለው መብቃቃት የኑሮዋ ክፍል ነበር።

በ1976 የወጣው «ዳጌሬዮቲፕ» የተባለው ፊልሟ ለዚህ ማስረጃ ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃን ልጅ ስለ ነበራት ከቤቷ መራቅ አልቻለችም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ገመድ ከቤቷ ዘርግታ፣ ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ያሉትን የመንገዷን ባለሱቆች ቀረጸች። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሥጋ ሻጩና ልብስ ሰፊው የፊልሙ ባለታሪኮች የሆኑት የገመዱ ርዝመት ስለ ፈቀደ ነው። በዚያ ዘመን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅል ከ11 ደቂቃ አያልፍለትም ነበር፤ እያንዳንዱም ደቂቃ የፊልሙንና የላቦራቶሪውን ሒሳብ ያስከፍል ነበር። ስለሆነም ባለሙያው ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት።

በ1995 ለገበያ የቀረበው ዲቪ የተባለው የዲጂታል ቪዲዮ ዘዴ ይህን ሁኔታ ለወጠው። የእጅ መዳፍ የማትሞላ የሚኒ ዲቪ ካሴት 60 ደቂቃ ትቀዳለች፤ ዋጋዋ ከፊልም ጥቅል ጋር አይወዳደርም፤ ላቦራቶሪም አትሻም። ቫርዳ ይህችን ካሜራ ስትይዝ ሰባኛ ዓመቷን አልፋ ነበር። በቀኝ እጇ ካሜራውን ይዛ የግራ እጇን፣ የተሸበሸበውን ቆዳዋን፣ እርጅናዋን ትቀርጻለች። በአውራ ጎዳና ላይ ጭነት መኪናዎችን በጣቶቿ ቀለበት ውስጥ «ትይዛለች»። እነዚህ ትርኢቶች በትከሻ ወይም በሦስት እግር ማቆሚያ በሚያዝ ከባድ ካሜራ ሊወጠኑ አይችሉም ነበር። የመሣሪያው ቅለት የፊልሙን ቅርጽ ወልዷል ለማለት ይቻላል።

ሆኖም ከዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፊልሙ በትንሿ ካሜራ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ከፍ ያለ ካሜራ የያዙ ባለሙያዎችም ተሳትፈውበታል። ትንሿ ካሜራ ስሕተትንም ታመጣለች። በአንድ ቦታ ቫርዳ ማጥፋቱን ረስታ ካሜራውን አንጠልጥላ ስትሄድ፣ የሌንሱ ክዳን በመሬቱ ትይዩ ሲወዛወዝ ተቀድቶ ቀርቷል። እርሷም አልጣለችውም፤ ሙዚቃ ጨምራ ክዳኑ እንዲጨፍር አደረገችው። ሌላው የሚጥለውን ማንሣት የፊልሙ ጭብጥ ከሆነ፣ የራስን ጥራጊ ማንሣትም የጭብጡ አካል ነው። ይህን ያደረገው ካሜራው ሳይሆን በአርትኦት ጠረጴዛ የተቀመጠው አእምሮ ነው።

በይዘት ረገድ ፊልሙ ለቀልድ አይመችም። በመጠናቸው ወይም በቅርጻቸው ምክንያት ገበያ የማይቀበላቸው ድንቾች በማሳ ላይ ተደፍተው ይታያሉ፤ ቫርዳ ከመካከላቸው የልብ ቅርጽ ያላቸውን መርጣ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። የሕግ ጠበቃ ካባውን ለብሶ በእርሻ መካከል ቆሞ፣ በ1554 የወጣ ድንጋጌ ድኆች ከመከር በኋላ፣ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ እንዲቃርሙ መፍቀዱን ያስረዳል። በከተማ ደግሞ ከገበያ መልስ የተጣለ አትክልት እያነሣ የሚበላ የተማረ ሰው እናገኛለን፤ ይኸው ሰው ማታ ማታ ለስደተኞች ያለ ክፍያ ፊደል ያስተምራል። የፊልሙ ታላቅ ክፍል ይህ ነው። ቫርዳ ሰውየውን በችግሩ አልለካችውም፤ ጊዜ ወስዳ ተከትላው መምህርነቱን እስክታገኝ ድረስ ቆይታለች።

ነቀፌታ የሚያስነሣ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። አዘጋጇ በአራስ ከተማ ከሚገኘው የዡል ብረቶን «ቃራሚቷ» ሥዕል አጠገብ የስንዴ ነዶ ተሸክማ ትቆማለች፤ ከዚያም ነዶውን ጥላ ካሜራውን ታነሣለች። ምልክቱ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ለምስል መቃረምና ለራት መቃረም አንድ አይደሉም። ቤትና ድርጅት ያላት ባለሙያ ጎንበስ የምትለው በምርጫዋ ሲሆን ሌላው ግን ራቡ ያጎነብሰዋል። በ2002 ባወጣችው «ከሁለት ዓመት በኋላ» በተባለው ተከታይ ፊልም ያው መምህር፣ ቫርዳ ስለ ራሷ ያስገባችው ክፍል አስፈላጊ እንዳልነበረ ፊት ለፊት ይነግራታል። ቫርዳ ትችቱን አልቆረጠችውም። ወደ ቀረጸቻቸው ሰዎች ተመልሳ መሄዷና ወቀሳቸውን በሥራዋ ውስጥ ማኖሯ ከማናቸውም የካሜራ ጥበብ የሚበልጥ ነው።

በአገራችን ከተሞችም ካሜራውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ እየቀረጸ፣ በዐቢይ ጾም ሥራ ሲቀዘቅዝበት በሌላ እየተደጎመ የሚኖር ባለሙያ ሞልቷል። የተሻለ ካሜራ እስኪገኝ በሚል የራሱን ፊልም በይደር የሚያቆይ ከመካከላቸው ጥቂት አይሆንም። የቫርዳ ሥራ ለእንዲህ ያለው ባለሙያ የሚሰጠው መልስ፣ መሣሪያ አያስፈልግም የሚል አይደለም፤ መሣሪያው ምን እንደሚያስችል ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል የሚል ነው። ገመዱ አጭር ሲሆን ጎረቤቶቿን ቀረጸች፤ ካሜራው ሲቀል የራሷን እጅ ቀረጸች። ቀድሞ የፊልሙ ውድነት ባለሙያውን አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደው ነበር፤ ዛሬ ይህ ግዴታ ስለ ቀረ የማሰቡ፣ የመምረጡና ለተቀረጸው ሰው የመጠንቀቁ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በባለሙያው ላይ ወድቋል። ብዙ መቅረጽ ዛሬ ለማንም ቀላል ነው፤ ከተቀረጸው ውስጥ የሚጠቅመውን ለይቶ ማንሣት፣ ይኸውም የቃራሚው ሙያ፣ ግን እንደ ጥንቱ ጎንበስ ማለትን ይጠይቃል።