ታንኳ ላይ የት ተቀመጣችሁ?

ስሙኝማ! ታንኳ ላይ የምትቀመጡበትን ቦታ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጉት። አንድ ስንዝር ብቻ! መቅዘፊያው ያው ነው፣ ክንዳችሁ ያው ነው፣ ሐይቁም ያው ጣና ነው። ታንኳዋ ግን ሌላ ትሆናለች! ትቀላለች፣ ትታዘዛለች፣ ትበራለች! ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ይህንኑ ነው።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። የእኛ ውሃ ላህ ወንዝ ነው፣ ብር ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ከዳር ቆመን እናየዋለን እንጂ አንቀዝፈውም። ታንኳ ለእኛ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፈው ባሕር ዳር ሲደርሱ የሚታይ ነገር ነው። ግን እኮ ጣና የሚገባው ግልገል አባይ የሚነሳው ከእኛው ከምዕራብ ጎጃም፣ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ነው! የገዛ ውሃችን ነው እኮ! ታዲያ ማን ይቅዘፈው?

የመቀመጫው ነገር የገባኝ ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ነው። ታንኳዋ ከላይ እስከ ታች ውሃ ዳር የሚበቅለው ደንገል ናት፤ ደንገሉን አስሮ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀልበስ ማድረግ ነው። የጣና ዳር ነዋሪዎቹ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ያወረሱት ጥበብ! ብቻዬን ተቀምጬ እቀዝፋለሁ፤ ፊቷ ሞገዱን ጧ! ጧ! እያደረገ ይመታል፣ ውሃው ጉልበቴ ላይ ይረጫል፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትዞርብኛለች። አንድ አባት ከዳር ሆነው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ፊቷ ሰማይ ሰማይ ያያል እኮ! እስቲ ትንሽ ወደ ፊት በይ!» አሉኝ። «እሽ፣ አባባ!» ብዬ የተቀመጥሁበትን የደንገል እስር ገፋ አደረግሁት።

ኧረ የጉድ ነው! ጧጧታው በአንድ ጊዜ ጸጥ! ፊቷ ውሃውን ሽ… እያለ ይሰነጥቃል! መቅዘፊያውን አንዴ ሳብ ሳደርግ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሳላዛት አትዞርም! ትከሻዬ ላይ የነበረው ድካም የት እንደገባ አላውቅም። ጮኼ ሳቅሁ!

ምስጢሩ ጭነት ነው። የቡሬን በርበሬ አህያ ላይ የጫነ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጭነቱ አንድ ጋት ካዘነበለ አህያዋ መንገዱን ሁሉ ትሰቃያለች። ለብቻ በሚቀዘፍ ታንኳ ላይ ደግሞ ትልቁ ጭነት እናንተው ናችሁ! ወደ ኋላ ከበዛችሁ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ውሃ እየጎተተች ትሄዳለች፣ ፊቷም ተንሳፍፎ ይዋልላል። ወደ ፊት ከበዛችሁ ፊቷ ውሃውን ይቆፍራል፣ ኋላዋ ይቀልና ትዞራለች። መሐል ላይ ግን አንዲት ቦታ አለች፤ እሷን ስታገኙ ሰውነታችሁ ራሱ ያውቃታል! ለማረጋገጥ መቅዘፍ አቁሙና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ታንኳዋ ቀጥ ብላ ከተንሸራተተች አገኛችኋት!

ቆይ፣ ነፋሱን ልንገራችሁ! እኔን ያሳበደኝ እሱ ነው! ጣና ማለዳ እንደ ተኛ ይቆያል፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ነፋስ ሁልጊዜ የሚገፋው የቀለለውን ጫፍ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ትንሽ ወደ ፊት ትጠጋላችሁ፤ ፊቷ ይከብድና ነፋሱን ሰንጥቃ ትሄዳለች። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ሸርተት! አሁን የቀለለው ፊቷ ነው፤ ነፋሱ ራሱ ወደምትሄዱበት እየገፋ ይወስዳችኋል! በመቀመጫ ብቻ! መሪ የለ፣ ሞተር የለ! ይህን ያወቅሁ ለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። አዲስ ታንኳ ከውሃው በላይ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ ስትሰነብት ትከብዳለች፣ ዝቅ ትላለች፤ ለዚህም ነው ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ የሚያሞቋት። ስለዚህ ትክክለኛዋ ቦታ ከታንኳ ታንኳ ትለያያለች፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ትፈልጓታላችሁ። ደስታው እዚያ ላይ ነው!

ደግሞ ይህ ደንገል እስከ የት እንደ ሄደ ታውቃላችሁ? ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊሻገርባት ያሠራት «ራ» የተባለችው ጀልባ ደንገሏ ከጣና የሄደ ነው! የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች አሰሯት፣ ከሞሮኮ ተነሳች። እሷንም ያስቸገራት ምን ነበር? ኋላዋ! እየሰመጠ፣ እየሰመጠ ሄዶ ተሳፋሪዎቿ ካሪቢያን ሊደርሱ ሲሉ ተዉአት። በዓመቱ «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ተሻገረች እኮ!

እንጨት ጭነው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉትንም እዩአቸው፤ ሸክሙን እንዴት አድርገው መሐል ላይ እንደሚደለድሉት! እጅግ በጣም ያምራል! እኔ ውሃ የያዘ ጀሪካን እንኳ እግሬ ሥር አስቀምጬ ወዲያ ወዲህ ሳደርገው ታንኳዋ ስትመልስልኝ ይሰማኛል። ጉልበታችሁን ከፈት፣ ወገባችሁን ላላ፣ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ያኔ ውሃው ከሥራችሁ ሲተነፍስ በጭናችሁ ታዳምጡታላችሁ!

እናንተ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የደምበጫ ልጆች፣ ባሕር ዳር ስትሄዱ በሞተር ጀልባ ብቻ ዞራችሁ እንዳትመለሱ! ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ዘጌ ድረሱ፣ ታንኳ ለምኑ። ስትሳፈሩም መጀመሪያ ባለታንኳውን «የት ልቀመጥ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።