«ርካሽ ጉልበት» እንደ ስትራቴጂ፦ ከኮምቦልቻ የሚገኝ ትምህርት

በንግድና በኢንዱስትሪ ድርጅቶች ስለ ሠራተኛ የሚነገርበት ቃል ደጋግሞ ተለውጧል። ቀድሞ «የሠራተኛ አስተዳደር» ይባል የነበረው ክፍል «የሰው ኃይል አስተዳደር»፣ ቀጥሎም «የሰው ሀብት ሥራ አመራር» ተብሏል። ትምህርቱም በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው ይሰጣል። ይሁን እንጂ የክፍሉ ተግባር የቅጥር ማኅደርንና የቀሪ መዝገብን ከመጠበቅ አልፎ ከድርጅቱ ዋና ዕቅድ ውስጥ ገብቷልን? ለዚህ ጥያቄ ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ተስማሚ ምሳሌ ናት።

ኮምቦልቻ ለፋብሪካ እንግዳ አይደለችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችም ይገኙባታል። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በነዚያ ዓመታት የውጭ ባለሀብቶች ወደ አገሪቱ ፓርኮች ሲጋበዙ ከቀረቡላቸው ማባበያዎች አንዱ የሠራተኛው ርካሽነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በሐዋሳ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበረና ይህም ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ርካሽነት የገበያ ወሬ ብቻ ሳይሆን የታሰበበት የልማት ስልት ነበር ማለት ነው።

ስልቱ የገጠመው ዋና እንቅፋት ሠራተኛው ሥራውን እየለቀቀ መሄዱ ነው። ለዚህም በስብሰባና በሥልጠና መድረክ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት «የሥራ ባህል ጉድለት» የሚል ነው። ከገጠር የመጣው ወጣት የፋብሪካን ሥነ ሥርዓት አልለመደም ይባላል፤ መድኃኒቱም የጠባይ ማረሚያ ሥልጠና ይሆናል፤ ሸክሙም በመጨረሻ በትምህርት ቤት ላይ ይወድቃል። ይህ አስተያየት ጨርሶ ሐሰት ባይሆንም የነገሩን ሥር አይነካም።

ብላትማንና ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ አንድ ሺህ ያህል ወጣቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራውን ካገኙት መካከል ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ እንደለቀቁ አሳይተዋል። ፋብሪካው በገቢ ረገድ ከሌላው አማራጭ ብልጫ አልነበረውም፤ በጤና ላይ ግን ጉዳት ማድረሱ ተስተውሏል። ከቃሉ ወይም ከደሴ ዙሪያ ወረዳ መጥታ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ከደመወዟ ላይ የምትቀንስ ወጣት ሥራዋን ስትለቅ የምታሳየው የባህል ጉድለትን ሳይሆን የሒሳብ ችሎታን ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በአሜሪካ የፎርድ መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 የሠራተኛው ፍልሰት 370 በመቶ ደርሶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መባቻ ድርጅቱ የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር ሲያሳድግና የሥራውን ጊዜ 8 ሰዓት ሲያደርግ ፍልሰቱ በእጅጉ ቀነሰ። እርግጥ ፎርድ በሠራተኛው ቤት ሳይቀር ተቆጣጣሪ ይልክ ስለነበር በሁሉ የሚመሰገን አይደለም። ሆኖም የሠራተኛ መልቀቅ ወጪ መሆኑን ቆጥሮ ማወቁ የአመራሩ ብልህነት ነበር።

ይህን ስሌት በክፍል ውስጥ መሥራት አያስቸግርም። ለምሳሌ ያህል መቶ የሥራ ቦታ ያለው አንድ የስፌት ክፍል ሠራተኞቹን ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ቢተካ፣ አዲሱም ሠራተኛ ሁለት ወር በግማሽ አቅም ቢሠራ፣ ክፍሉ የመቶ ሠራተኛ የአንድ ወር ሥራ ያጣል። ይኸውም ከዓመቱ ደመወዝ አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የተበላሸው ጨርቅና የዘገየው ጭነት ገና አልታሰበም። በርካሽነት የተቆጠበው በዚህ በኩል ይፈሳል።

አሠሪዎች በበኩላቸው የልብሱን ዋጋ የሚወስነው የውጭ ገዢ መሆኑን ያመለክታሉ፤ ይህም እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከባድ መከራ ደርሷል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆዩበት ጊዜ ፓርኩና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታግዳለች። ነገር ግን ይህ ሁሉ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የተዘረፈ ማሽን በብድርም ሆነ በእርዳታ ይተካል፤ ከድርጅቱ ጋር ያልተሳሰረ የሠለጠነ እጅ ግን አንዴ ከተበተነ በጥሪ አይመለስም።

መንግሥትም ከኃላፊነት ነፃ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጁ ከወጣ በኋላ የደመወዙ ወለል ለዓመታት ሳይወሰን ቆይቷል።

ከዚህ የሚከተለው ለትምህርት ሰዎች ግልጽ ነው። ስለ ሥራ ጠባይ የሚሰጠው ትምህርት ስለ ሥራ ውልና ስለ ሠራተኛ መብት ከሚሰጠው ትምህርት ተነጥሎ ሊቀርብ አይገባም። የአመራር ተማሪ የሠራተኛ መልቀቅን ዋጋ ሳያሰላ መመረቅ የለበትም። የዕቅድ ባለሙያውም በሪፖርቱ «ስንት ወጣት ተቀጠረ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ከዓመት በኋላ ስንቱ በሥራው ላይ አለ?» የሚለውን ሊጨምር ይገባዋል። ሁለተኛው ጥያቄ እስካልተጠየቀ ድረስ «የሰው ሀብት» የሚለው ስም በቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ከመሆን አያልፍም።